የጋሽ ባልዲ ትንንሽ ፒዛዎች

ጋሽ ባልዲ ስልሳ ስድስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሻይ አፍልቶ አያውቅም ነበር። ይህን ሲናገር አይኮራበትም፣ አያፍርበትምም። ሥራው ስላልነበረ ብቻ አልሠራውም። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ ሲቆርጥ፣ ሲያጥፍና ሲበይድ ኖሯል፤ ባልዲ፣ የዘይት መቅጃ፣ የአበባ ውኃ ማጠጫ፣ የጣራ አሸንዳ። በተለይ ባልዲው ስም ነበረው። ውኃ ሞልተው ከጣራ ላይ ቢጥሉት ይጎብጣል እንጂ አያፈስም ይባልለታል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ኋላ ትልልቆቹም ተከተሉ፤ ፖስተኛው ሳይቀር «ጋሽ ባልዲ፣ ደብዳቤ!» እያለ በር ያንኳኳ ነበር።

ከዚያ ፕላስቲክ መጣ። መጀመሪያ ባልዲው ቀረ፣ ቀጥሎ ማጠጫው፣ በመጨረሻም አሸንዳው። ጋሽ ባልዲ ሱቁን ዘግቶ መቀሱን፣ መዶሻውንና ጉጠቱን በአንድ ሣጥን ጠቅልሎ ወደ ቤት ገባ። ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ ሣጥኑን በረንዳው ጥግ አስቀመጠና ከዚያ በኋላ ምን መሥራት እንዳለበት ጠፋው። ከሳሎን በረንዳ፣ ከበረንዳ ሳሎን ይመላለሳል።

«ወለሉን በእግርህ ለካኸው እኮ!» ትለዋለች ሚስቱ። «ስንት ሆነ?»

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። በሳሎኑ መስኮት ሥር ካለችው የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ስታሳጥርና ስታስረዝም ትውላለች። ጎረቤቱ «እትዬ መርፌ» ይላታል፤ ስለ ሥራዋም ነው፣ ስለ አፏም ነው። እሱ ደግሞ ከሰው ጋር መነጋገር ብዙም አይሆንለትም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት የወጣው ለእሱ ይመስላል። እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይሰማል፤ ትዳራቸው በዚህ ስምምነት አርባ ዓመት ቆይቷል።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እትዬ መርፌ ራሷ የሰፋችውን መጋረጃ ልትሰቅል በርጩማ ላይ ወጣች። የበርጩማው አንድ እግር ከዳት። ጋሽ ባልዲ በረንዳ ላይ ሆኖ መውደቋን ሰማ፤ ያስደነገጠው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ጸጥታ ነው። ሮጦ ሲገባ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛ እያየችው ነበር፤ የሌላ ሰው እጅ እንደምታይ ሁሉ።

የእጅ አንጓዋ ሁለት ቦታ ተሰብሯል አሉ ሐኪሞቹ። ከጣቶቿ ሥር እስከ ክንዷ በጀሶ ታሰረ፤ ለስድስት ሳምንት።

አንድ ልጅ አለቻቸው። ነርስ ናት፤ የምትኖረው ሁለት አውቶቡስ ተይዞ የሚደረስበት ሰፈር ነው። በየሦስት ቀኑ የበሰለ ምግብ በዕቃ ይዛ ትመጣና ማቀዝቀዣው ውስጥ ትደረድርላቸዋለች። ጋሽ ባልዲ ያንን ዕቃ አውጥቶ ማሞቅ ተማረ። ቀጥሎ ሻይ ማፍላት ሞከረ። ቅጠሉን ከውኃው ጋር ጥዶ ሃያ ደቂቃ አንተከተከው።

እትዬ መርፌ አንድ ጊዜ ፉት አለችና ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ይሄ የሚጠጣ ነው ወይስ ቆዳ የሚለፋበት?»

«ሻይ ነው።»

«እንግዲህ አንተ ካልክ።»

በአራተኛው ሳምንት የልጅ ልጃቸው ነገር መጣ። ስድስት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማትችል ፌንጣ ይሏታል። ትምህርት ቤት ለሁለት ሳምንት ሲዘጋ ሁልጊዜ እነሱ ዘንድ ነው የምትውለው፣ የምታድረው። ዘንድሮ ደግሞ ቃል ተገብቶላታል። አንድ የክፍል ጓደኛዋ ቤት መዳፍ የሚያካክሉ፣ በኮከብና በልብ ቅርጽ የተቆረጡ ፒዛዎች አይታ ስትመጣ፣ አያቷ «ይሄማ ምን አላት! እኔ ዝሆን አድርጌ እሠራልሻለሁ» ብላታለች። ይህ እጇ ከመሰበሩ በፊት ነው።

ልጃቸው ስልክ ደወለች። «እማዬ፣ ዘንድሮ ይቅርባት። አንቺ ራስሽ አስታማሚ ትፈልጊያለሽ። አባዬ እንደሆነ...» አለችና አልጨረሰችውም። ከኋላዋ የፌንጣ ለቅሶ ይሰማል።

ጋሽ ባልዲ «አባዬ እንደሆነ» የሚለውን ሰምቷል። ስልክ አይወድም፤ ሰው ሲሞት ካልሆነ አይነጋገርበትም። እጁን ዘረጋና ከሚስቱ ተቀበለ።

«ትምጣ» አለ። «ፒዛውን እኔ እሠራዋለሁ።»

 ፌንጣ ለቅሶዋን አቆመች።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሚስቱ ከላይ እስከ ታች አየችው። «አንተ?»

«እኔ።»

«ፒዛ የሚበላ ነገር መሆኑንስ ታውቃለህ?»

ልጅቷ የምትመጣው ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ባልዲ በሚያውቀው ጀመረ። ሣጥኑን ከፈተ። ለባልዲ የሚሆነው ቆርቆሮ ዚንክ የተቀባ ስለሆነ ምግብ እንዲነካ አልፈለገም፤ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳዎችን ሰብስቦ አጠበ። ከጣሳው ጎን ሁለት ጣት የሚሰፉ ጥብጣቦች ቆረጠ። የልጅ እጅ እንዳይቆርጥ የአንዱን ወገን ጠርዝ አጥፎ ደፈጠጠው፤ ሌላውን ወገን ስለታም አድርጎ ተወው። ከዚያ በጉጠት እያጎበጠ ቅርጽ ያወጣ ጀመር። ብየዳ አልተጠቀመም፤ ጫፍና ጫፉን እርስ በርሱ አቆላልፎ በመዶሻ መታው። ዓሣው ሩብ ሰዓት ፈጀ። ኮከቡም እንዲሁ። ድመቷ በጆሮዋ ትንሽ አስቸገረች። ዝሆኑ ግን ከነኩምቢው እስከ ምሳ ሰዓት ወሰደበት።

እትዬ መርፌ በረንዳው በር ላይ ቆማ አየችው። ለወራት እንዲህ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ አላየችውም ነበር። ምንም አላለችም፤ ለእሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከሰዓት በኋላ ሊጡ ተጀመረ። እሷ የጀሶ እጇን ትራስ ላይ አስደግፋ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እሱ የእሷን ሽርጥ ታጠቀ።

«ሦስት ኩባያ ዱቄት። እርሾውን በትንሽ ውኃ በጥብጠው። ውኃው ለብ ያለ ይሁን።»

«ለብ ያለ ማለት ስንት ዲግሪ ነው?»

«ዲግሪ ምን ያደርግልሃል? ጣትህን ክተትበት!»

ከተተ። «ለብ ብሏል» አለ። እርሾውን ጨመረ፣ ዱቄቱን ለወሰው፣ በፎጣ ሸፍነው ጠበቁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲገልጡት ሊጡ እንዳለ ነው፤ ኩፍ ማለት ቀርቶ ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛ ሞከሩ። አሁንም «ለብ ብሏል» ሲል እትዬ መርፌ ተጠራጠረችና የግራ እጇን ጣት ነከረች።

«ኡ! ተቃጠልኩ! አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ዶሮ የሚገሸለጥበት ውኃ ነው!»

ጋሽ ባልዲ ጣቶቹን አያቸው። አርባ አንድ ዓመት ትኩስ ቆርቆሮ የነኩ ጣቶች ናቸው፤ ቆዳቸው እንደ ጫማ ሶል ጠንክሯል። ለብ ያለውንና የፈላውን አይለዩም። ይህን እስከዚያ ቀን አላወቀም ነበር።

«እንግዲህ እኔ ነኝ ቴርሞሜትሩ» አለች ሚስቱ ጣቷን እየነፋች። ከዚያ ወዲህ ውኃ በተሞቀ ቁጥር የምትለካው እሷ ሆነች።

ሦስተኛው ሊጥ ኩፍ አለ። ሲያቦካው ግን ሌላ ጭቅጭቅ ተነሣ።

«አትደብድበው! ምን አደረገህ?»

«እያቦካሁት ነው።»

«እየቀጠቀጥከው ነው። ግፋው፣ እጠፈው፣ አዙረው። ግፋው፣ እጠፈው፣ አዙረው። እንዲያ!»

ዳመጠውና በድመቷ ቅርጽ ቆረጠ። ሊጡ ከቆርቆሮው ሲወጣ ተሰበሰበ፤ ጆሮዎቹ ወደ ውስጥ ገቡ። ጋሽ ባልዲ ይህን ጠባይ ያውቀዋል። ቆርቆሮም ሲያጥፉት ትንሽ ወደ ኋላው ይመለሳል፤ ለዚህ ነው ከሚፈለገው አሳልፎ ማጠፍ የሚያስፈልገው። ስለዚህ ሊጡን አሳልፎ ሊጎትተው ሲል ሚስቱ አስቆመችው።

«ተወው ይረፍ። ደክሞታል።»

«ሊጥ ይደክመዋል?»

«አንተ ስትቀጠቅጠው ውለህ!»

ፎጣ አልብሰው አሥር ደቂቃ አሳረፉት፤ ሁለተኛ ሲቆርጠው ጆሮዎቹ ቆሙ።

ቅዳሜ ፌንጣ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ቅርጽ ማውጫዎቹን ስታይ አንድ በአንድ ዓይኗ ላይ አድርጋ በመሀላቸው አጮለቀች። ወንበር ላይ ቆማ ድመት ቆረጠች፣ ዓሣ ቆረጠች፤ የዝሆኑ ኩምቢ ግን በተነሣ ቁጥር እየተገነጠለ ቀረ፤ የተገነጠለውን ጥሬውን ስትውጥ አያቷ በግራ እጇ ቸብ ታደርጋታለች። ላዩን የቲማቲም ድልህ ቀቡት፣ ቺዝ በተኑበት፣ ቃሪያ በቀጭኑ ቆርጠው የድመቷን ጢም ሠሩ። ለዓይን የወይራ ፍሬ አደረጉ። ኦቭኑ ውስጥ ሲገባ ፌንጣ መስታወቱ ፊት ቁጢጥ ብላ ጠበቀች።

ሲወጣ ሁሉም አብጦ ነበር። ልጅቷ አንዱን አነሣችና ወደ ብርሃኑ ያዘችው።

«አባባ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ድመት ነዋ።»

«ድመት አይደለም። ድንች ነው።» ቆርጠም አደረገችው። «ግን የሚጣፍጥ ድንች ነው።»

እትዬ መርፌ ሳቀች፤ ጀሶው ትራሱ ላይ እየዘለለ እስኪያማት ድረስ ሳቀች። ምሽት ላይ ልጃቸው ከሥራ ወጥታ ስትመጣ አባቷ አበባ ያለበት ሽርጥ ታጥቆ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት ይዞ በሩን ከፈተላት። በሩ ላይ እንደ ቆመች ቀረች። «እማዬ» አለች በመጨረሻ፣ «ይሄን ሰውዬ የት አገኘሽው?»

ሁለቱ ሳምንት አለቀ፤ ፌንጣ ግን በየቅዳሜው መምጣት አላቋረጠችም። ጀሶውም ተፈታ።

ከጀሶው የወጣው እጅ የቀጠነ፣ የገረጣ፣ የደረቀ ነበር። ይህስ የሚጠበቅ ነው። ያልጠበቁት አውራ ጣቷ ከሌባ ጣቷ ጋር አልገናኝ ማለቱ ነው። ለስላሳ ኳስ ሰጧት፤ በቀን ሦስት ጊዜ ጨብጪው አሏት። ሐኪሙ ትሁት ወጣት ነው። «ይሻሻላል እናቴ» አላት፤ «ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል። ቀጫጭን ነገር መያዝ ያስቸግርዎ ይሆናል።»

ቀጭን ነገር ማለት መርፌ ነው።

ቤት እንደገቡ የስፌት መኪናዋን በአንሶላ ሸፈነችው። ከዚያ በኋላ መናገር ተወች። የተጠየቀችውን ትመልሳለች፣ የቀረበላትን ትበላለች፣ ኳሱን ሦስት ጊዜ ትጨብጣለች። ወጥ ቤት አትገባም። ጋሽ ባልዲ ሊጥ ሲያቦካ «አትቀጥቅጠው» የሚለው የለም። ጀሶው በተፈታ በሦስተኛው ሳምንት የአትክልት ሾርባ ሠራ፤ ጨው ጨምሮ ረሳውና ደግሞ ጨመረ። ራሱ ሲቀምሰው ፊቱ ተጨማደደ። እሷ ግን ሳህኑን ሙልጭ አድርጋ በላች፤ አፏንም ጠረገችና «እጅህ አይንጠፍ» አለችው።

ያኔ ነው የፈራው። ሐኪም ቤት ካሉት ሁሉ ይልቅ ያ ሾርባ አስፈራው።

ማባበል አያውቅበትም። ማየት ግን ያውቃል፤ ሲያያት ሰነበተ። በር ስትዘጋ በጣቷ አትይዘውም፤ በመዳፏ ሥር፣ በአንጓው በኩል ባለው ወፍራም ሥጋ ትገፋዋለች። መሳቢያም እንደዚያው፤ በኃይል ትገፋዋለች። ያ ክፍሏ አልደከመም። ጋሽ ባልዲ ሣጥኑን ከፈተ። አዲስ ዓሣና አዲስ ዝሆን ሠራ፤ ዝሆኑን ኩምቢው እንዳይገነጠል ወፍራምና አጭር አደረገው። ሁለቱንም ከላይ በቆርቆሮ ከደናቸው፤ በክዳኑ መሀል ግማሽ ብርቱካን የሚመስል፣ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ እንጨት ተከለ። መጨበጥ አያስፈልገውም፤ መዳፍ አሳርፎ መጫን ነው።

አርብ ዕለት ዝሆኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። አየችው።

«ምንድነው?»

«ለፌንጣ ነው። እጇ ትንሽ ስለሆነ...»

«አርባ ዓመት አብሬህ ስኖር አንዲት ውሸት እንኳን አላማረችብህም።» ዕቃውን በግራ እጇ ገፋ አደረገችው። «ለአካለ ስንኩል የሚሆን ዕቃ ሠራህልኝ? ይሄን ይዤ ዩኒፎርም ላሳጥር? ከእጅ አይሻል ዶማ!» መኝታ ቤት ገብታ በሩን በመዳፏ ገፍታ ዘጋችው።

ጋሽ ባልዲ ተከትሎ መግባት አለመግባቱን አልወሰነም። ወንበሩ ላይ ብዙ ቆየ። ዕቃውን ግን ከጠረጴዛው አላነሣውም።

በማግስቱ ፌንጣ መጣች። አዲሱን ዝሆን እንዳየች ያዘችው። በወፍራሙ የተዳመጠው ሊጥ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ጫነችው፤ አልቆረጠም። ዘላ ጫነችው፤ አሁንም ከላይ ምልክት ብቻ ተወ። ጋሽ ባልዲ ኦቭኑን እየለኮሰ ነበር፤ እንዳልሰማ ሆነ ማለት ይቻላል፤ በእርግጥም አልሰማ ይሆናል።

«እማማ!» ጮኸች ልጅቷ። «እማማ፣ ዝሆኑ እምቢ አለኝ! ክብደት የለኝም!»

 የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ።

«ክብደትስ እኔ ጋ ሞልቷል» አለች እትዬ መርፌ።

መዳፏን እንጨቱ ላይ አሳረፈችና ተጫነችው። ቆርቆሮው እስከ ጠረጴዛው ድረስ ወረደ። ስታነሣው ዝሆኑ ከነኩምቢው ወጣ። ፌንጣ አጨበጨበች። አያቷ ሁለተኛ ቆረጠች፣ ሦስተኛ ቆረጠች፤ በስድስተኛው አንጓዋን ያዘችና ተቀመጠች። ከሊጡ ጫፍ በግራ እጇ ቆንጥራ ቀመሰች።

«ጨው የት አለ እዚህ ውስጥ?» አለች። «ለማን ብለህ ነው የቆጠብከው?»

ጋሽ ባልዲ ጀርባውን ሰጥቷት ቆሞ ነበር። ቶሎ አልዞረም፤ ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ ጠረገና ጨው ሊያመጣ ሄደ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አሥራ ሁለት ቆረጠች። ከአምስት ወር በኋላ አውራ ጣቷ ሌባ ጣቷን ነካ። ስኒ ትይዛለች፣ ቁልፍ ትቆልፋለች። መርፌ ግን አልያዘችም። አንድ ቀን ጠዋት ከታች ፎቅ የምትኖረውን ወጣት ልብስ ሰፊ ጠርታ የስፌት መኪናዋን አስወሰደቻት፤ ደንበኞቿንም አብራ ሰጠቻት። መኪናዋ በደረጃው ስትወርድ አላለቀሰችም። ማታ ራት ሲበሉ አለቀሰች፤ እሱም ማንኪያውን አስቀምጦ እስክትጨርስ አብሯት ተቀመጠ። በመስኮቱ ሥር ባዶ በሆነው ቦታ በማግስቱ ሰፊ ጠረጴዛ አስገቡ። ቅዳሜ ሊጡ የሚዳመጠው እዚያ ላይ ነው። የሕንፃው ልጆችም ተራ በተራ ይመጣሉ፤ ወላጆቻቸውም ቅርጽ ማውጫ እንዲሠራላቸው ጣሳ ያመጣሉ። ጋሽ ባልዲ የጠየቁትን ሁሉ ይሠራል፤ ቀጭኔ ግን አልሠራም ብሏል።

አንድ ቅዳሜ ልጃቸው ትሪ እያደራረቀች ጠየቀችው። «አባዬ፣ እንዲህ መሥራት ከቻልክ ድሮ ለምን አልሠራህም?»

«የጠየቀኝ የለም።»

«ጠይቄህ ነበር» አለች ሚስቱ ከጠረጴዛው። ቁጣ አልነበረባትም፤ የአየር ጠባይ እንደምትናገር ነው የተናገረችው። «አንቺን አርግዤ ሳለሁ። ሁለተኛ አልጠየቅሁም። ያ ወጥ ቤት በከሰዓት ፀሐይ እሳት ነው፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት ብቻዬን ነደድኩበት።»

ጋሽ ባልዲ አላስታወሰውም። እንዳላስታወሰውም አልደበቀም። ሙቀቱን ግን አሁን ያውቀዋል፤ ኦቭኑ ሲነድ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይጣበቃል።

ሰኞ ዕለት ሜትሩን ይዞ ወጥ ቤት ገባ። ሦስት ቀን ቆረጠ፣ አጠፈ፣ በየደ። ሐሙስ ምድጃው ላይ ትልቅ የቆርቆሮ ክዳን ተሰቀለ፤ ከላዩ አሸንዳ የሚያክል ቱቦ ወጥቶ በመስኮቱ ጥግ ትኩሱን አየር ወደ ውጭ ይወስዳል። እትዬ መርፌ ከሥሩ ቆማ ቀና ብላ አየችው። እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አየሩ ሲሄድ ተሰማት።

«ንፋስ ሲመጣ ያፏጫል» አለች።

ጋሽ ባልዲ መሰላሉን አቆመ። «የት ጋ?»

«እዚያ፣ መታጠፊያው ጋ። ቆይ፣ መሰላሉን ልያዝልህ።»